የደርቤ ሁለተኛ ዓይን

ደባርቅ ውስጥ ጭነት ሰፈር የሚባል ሰፈር አለ። ዛሬ አጋሰስ አያድርበትም፤ የሚርመሰመስበት ባጃጅ ነው። ስሙ የቀረው ከበቅሎ ነጂዎች ነው። መኪና እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ከደጋው ገብስና ባቄላ፣ ከቆላው ማሽላና ጥጥ እየጫኑ ሊማሊሞን የሚወጡና የሚወርዱ ነጂዎች ጭነታቸውን አራግፈው የሚያድሩት እዚህ ነበር። ከእነዚያ ነጂዎች ዛሬ በሕይወት ያለው ደርቤ ብቻ ነው። ይህንንም ለመናገር ሰው እስኪጠይቀው አይጠብቅም።

ደርቤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ሽማግሌ ነው። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ምርኩዙን ይዞ በመንገዱ መሐል ሲሄድ ዳር የሚይዙት ባጃጆቹ ናቸው። ከኋላው ቢጠሩት ይቆማል እንጂ አይዞርም፤ የጠራው ሰው ነው ዞሮ መጥቶ ፊቱ የሚቆመው። ጎረምሶቹ፣ "የአያ ደርቤ አንገት ብሎኑ ጠብቋል" ይላሉ። ሚስቱ ስጦታ ደግሞ፣ "ብሎን ቢሆንማ እኔ እስከ ዛሬ አላላው ነበር" ትላለች።

ኩራቱ ከየት እንደመጣ የማያውቅ የሰፈሩ ሰው የለም፤ ደርቤ ነግሮታልና። ነገሩ እንዲህ ነው። ደርቤ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው የሠርግ ወቅት፣ ሙሽራና አጃቢዎቿን የጫነ አውቶቡስ ከዛሪማ ተነሥቶ ወደ ደባርቅ ሲወጣ ሊማሊሞ ላይ ናዳ መንገዱን ዘጋበት። ሹፌሩ ድንጋዩን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ ከዚያ መሪውን ታቅፎ ተቀመጠ። በዚህ መሐል ደርቤ ማሽላ ጭኖ ደረሰ። ማሽላውን መንገድ ዳር አራገፈ፤ ሙሽራይቱን አቻምየለሽ በምትባለው በቅሎው ላይ አስቀመጠ፤ ልጓም ስቦ፣ ከፍየል በቀር ማንም በማይደፍረው አቋራጭ ገደሉን አወጣት። ፀሐይ ሳትገባ ሙሽራው ደጅ አደረሳት። ሙሽራይቱ ዛሬ በር ለበር የሚጎራበታት ሸጊቱ ነበረች።

"ያን ገደል ስወጣ" ይላል ደርቤ እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንድ ጊዜ እንኳ ወደኋላ አልዞርኩም።"

የታሪኩ እምብርት ይህች ናት። በነጂዎች ደንብ ሙሽራ የጫነች በቅሎ የሚስብ ሰው ፊቱን ከመንገዱ አያነሣም። ሙሽራይቱ ተሸፋፍና ነው የምትሄደው፤ ባሏ ሳያያት ልጓም ሳቢ ቀድሞ ቢያያት ትልቅ ነውር ነው። ያን ዕለት ሚዜዎቹ በናዳው ላይ እየተንፏቀቁ ወደኋላ ቀርተው ነበር። ደርቤ ቢዞር ማን ያየው ነበር? ማንም። እሱ ግን አልዞረም። ሌላው ሰው በመሬቱ ወይም በልጆቹ ብዛት እንደሚኮራ፣ ደርቤ የሚኮራው በዚህ ነው።

ሸጊቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች። ጉልበቷ ቢደክምም ምላሷ አልደከመም። ደርቤ ሲተርክ ከደጇ ሆና ታዳምጥና፣ "እሱ አወጣኝ ይላል፤ ያወጣችኝ አቻምየለሽ ናት። እሱማ ልጓሙ ላይ ተንጠልጥሎ ትንፋሹን ይፈልግ ነበር" ትላለች። ስለ መዞርና ስላለመዞር ግን አንድ ቀን እንኳ ቃል ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት እሌኒ የምትባል የሰፈሩ ልጅ ሥዕል ተምራ መጣች። የእድሩ ቤት ግድግዳ ከዋናው መንገድ ጋር የሚዋሰን፣ ረጅምና ባዶ ነው፤ ያገኘው ሁሉ የስልክ ቁጥሩን የሚጽፍበት። እሌኒ የእድሩን ዳኛ ሰብስቤን፣ "የሰፈራችንን ታሪክ ነዋሪው እንደሚያወራው ልሣልበት" ብላ ጠየቀችው። እድሩም ተሰብስቦ ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ እሌኒ ከግድግዳው ሥር ስልኳን ደቅና ተቀመጠች፤ ሰውም እየመጣ አወራላት።

ታሪክ የሌለው ሰው አልነበረም፤ የተስማማ ታሪክ ግን ጥቂት ነበር። ቀጥቃጩ ታገኘ ከቤተሰቡ ጋር ወደ እስራኤል ከሄደ ብዙ ዘመኑ ነው፤ የቤቱ በር በየት በኩል እንደነበር ለመስማማት ሽማግሌዎቹ ሊቧቀሱ ደረሱ። በመጨረሻ ልጁ እናናዬ ከዚያው ከእስራኤል ድምጿን በስልክ ልካ፣ "በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ ነበር፤ እናቴ ደጁ ላይ ሸክላ ታደርቅ ነበር፤ የሰብስቤ አባት ሰክሮ ሲያልፍ እየረገጠ ይሰብርባት ነበር" ብላ ገላገለቻቸው። እሌኒ በሩንም ሸክላውንም ሣለች። የሰብስቤን አባት ሰብስቤ ራሱ እንድትተወው ለመናት።

ደርቤ አንድ ቀን መጥቶ ተረከላት። በማግስቱ የረሳውን ሊጨምር መጣ። በሳልስቱ ያልረሳውን ሊደግም መጣ። እሌኒ ትዕግሥተኛ ናት፤ ሁሉንም ቀዳችው። ከዚያ ደግሞ ቆየት ብላ ሸጊቱንም ጠየቀቻት።

ሥዕሉ እስኪያልቅ ግድግዳው በሸራ ተሸፈነ። ሸራው የሚነሣበት እሑድ ሲደርስ ደርቤ ጋቢውን አሳጠበ፣ ጢሙን ተላጨ፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስም ከሁሉ ቀድሞ ከግድግዳው ፊት ቆመ። ስጦታ፣ "የምትሣለው ዛሬ መሰለህ እንዴ? ተሥለህ አልቀሃል እኮ!" አለችው።

ሸራው ወረደ። ከግራው ጫፍ ቆላው፣ ከቀኙ ጫፍ ደባርቅ፣ መሐሉን ሞልቶ ሊማሊሞ ከነጥምዝምዙ ይታያል። በገደሉ ላይ ሙሽራይቱ ተሸፋፍና ተቀምጣለች። ደርቤ ልጓም ይዞ ከፊት ይሄዳል፤ ቀጥ ያለ አንገት፣ ቀጥ ያለ አፍንጫ፣ ፊቱ ወደ ደባርቅ። አቻምየለሽ ደግሞ አንገቷን መለስ አድርጋ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖቿን አፍጥጣ ሕዝቡን ታያለች።

መጀመሪያ ሁሉም እልል አለ። ከዚያ እልልታው ቀስ በቀስ ሟሸሸና አንድ ሰው ከኋላ ሳቁን አፈነ። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል መነጽራቸውን አውጥተው ጠጋ አሉ፤ ከደርቤ ወደ በቅሎዋ፣ ከበቅሎዋ ወደ ደርቤ አዩ።

"በቅሎዋስ ጻድቅ ሆናለች" አሉ በመጨረሻ። "ለደርቤ ግን ጸልዩለት።"

በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሳን ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ሁለት ዓይናቸው ይታያል። በጎን የሚሣሉት፣ አንድ ዓይን ብቻ የሚታይላቸው፣ ሰይጣንና የሰማዕታት አሳዳጆች ናቸው። ይህን የደባርቅ ሰው ፊደል ሳይቆጥር በፊት ያውቀዋል፤ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሲያየው ነው ያደገ። እሌኒ ግን የተማረችው ሰውን እንደሚታይ አድርጎ መሣልን ነውና ከጎን የሚሄድ ሰው ከጎን ሣለች።

"ዱድያኖስ!" አለ አንዱ ጎረምሳ። ጊዮርጊስን ያሠቃየው ንጉሥ መሆኑ ነው። ሳቁ ያኔ ገነፈለ። ደርቤ ምርኩዙን አንሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። እንደ ልማዱ አልዞረም።

ቀልዱ በዚያው ቢያልቅ ደግ ነበር። ባጃጅ ነጂዎቹ ግን ከግድግዳው ፊት ያለውን ፌርማታ፣ "ዱድያኖስ ጋ! ዱድያኖስ ወራጅ አለ?" እያሉ ይጠሩት ጀመር። ደርቤ ይህን በጆሮው ሰማ። የጎረምሳ ቀልድ ለእሱ ምንም አይደለም፤ የፌርማታ ስም ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ሲሞት ነጂነቱን የሚያስታውስ አይኖርም። ከእሱ በኋላ የሚወለድ ልጅ ግን፣ "ዱድያኖስ ጋ አውርደኝ" ይላል።

እቤት ሲገባ ምሳውን አልበላም። ስጦታ ምሳውን መልሳ ከደነችና አጠገቡ ተቀመጠች።

"ዓይንህ ሁለት መሆኑን እኔ እመሰክራለሁ" አለችው። "በጎንህ ስትተኛ ግን እሌኒ እውነቷን ነው።"

"አንችም ትስቂብኝ?"

"አልሳቅሁም። ሂድና ልጅቱን አነጋግራት። ታኩርፋለህ እንጂ መቼ ትናገራለህ?"

ሄደ። እሌኒ ብሩሽ ስታጥብ አገኛት።

"ልጄ" አላት፣ "ስንት ዓይን አለኝ?"

"ሁለት፣ አባባ።"

"እስቲ እዚያ ግድግዳ ላይ ቁጠሪልኝ።"

እሌኒ ከንፈሯን ነከሰች። "አባባ፣ ከጎን ሲታዩ እኮ የሚታየው አንዱ ነው።"

"ማን ከጎን እዪኝ አለሽ?"

"እርስዎ ነዎት!" አለችና እጇን ጠርጋ ስልኳን ከፈተች። ከስልኩ የደርቤ ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ ኮራ ብሎ ወጣ፦ "ፊቴን ወደ ደባርቅ አድርጌ... አንድ ጊዜ እንኳ ወደኋላ አልዞርኩም።" እሌኒ በጣቷ ወደ ግድግዳው ቀኝ ጫፍ አመለከተች። "ደባርቅ ያውና።"

ደርቤ የገዛ ድምፁ ሲመሰክርበት ሰማና ምርኩዙን ወደ በቅሎዋ ቀሰረ።

"በቅሎዋስ? እሷ ሁለት ዓይን ከየት አመጣች?"

"እሷማ ትዞር ነበር። እማማ ሸጊቱ ናቸው የነገሩኝ። በቅሎ ደግሞ ደንብ የለባትም።"

"እንግዲያው እኔንም ወደ ሰው አዙሪኝ፤ ወደ መንገዱ፣ ወደሚያልፈው።"

"ላዞርዎት እችላለሁ። ግን በሥዕሉ ላይ ወደ መንገዱ ያለው ጎን ገደሉ ነው። ገደል ገደሉን እያየ በቅሎ የሚስብ ነጂ ይሁኑ?"

ደርቤ ጋቢውን ጠበቅ አደረገ። ገደል እያየ የሚስብ ነጂ ሳይውል ሳያድር ከነበቅሎው ገደል ይገባል፤ ይህን ሥዕል የሚያይ ሽማግሌ ሁሉ ይህን ነጂ ማን አሰማራው ይላል።

"አንድ መንገድ አለ" አለች እሌኒ። "መለስ ብለው ወደ ሙሽራይቱ ሲያዩ ብሥልዎትስ? ፊትዎ ሙሉ ይመጣል፤ ሁለቱም ዓይን ይታያል።"

"ወደ ሙሽራይቱ!" ደርቤ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሸሸ። "ምነው ሰይጣን ብለሽ ብቻ ብትተዪኝ? የዕድሜ ልክ ክብሬን በቀለም ልታጥቢው ነው? አጥፊኝ! በቅሎዋ ብቻዋን ትሂድ።"

"ግድግዳው የእድሩ ነው፣ አባባ። እኔ ሰው ማጥፋት አልችልም።"

እዚህ ላይ ነው ደርቤ የተያዘው። ጻድቅ መስሎ ለመታየት ያልሠራውን ነውር ሠርቻለሁ ማለት አለበት። ነውሩን አልሠራሁም ካለ ደግሞ ዱድያኖስ ሆኖ ይቀራል። ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ሲገላበጥ ሰነበተ። ስጦታ፣ "ዙርና ተገላገል። ሙሽራዋ ዛሬ ጥርስ የላት፤ ማን ይቀናብሃል?" ብትለውም ሊሰማት አልፈለገም።

በሚቀጥለው እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ ደርቤ ተነሥቶ፣ "ወይ ሁለት ዓይኔን ስጡኝ፣ ወይ ከግድግዳው አውርዱኝ" አለ። ሰብስቤ ነገሩን ለጉባኤው አቀረበ። አንዱ፣ "መነጽር ይደረግለትና በሁለት ይቆጠር" አለ። ሌላው፣ "በቅሎዋ አንዱን ታበድረው" አለ። ሰብስቤ ጠረጴዛውን መታና መሪጌታን ጠየቀ።

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የሥዕል ደንብ ጻድቅን ፊት ለፊት ሣል ይላል። ነገር ግን ይህ ሰው ጻድቅ የሆነው ባለመዞሩ ነው። እንዳልዞረ ከሣልነው ኃጥእ ይሆናል፤ አዙረን ከሣልነው ጽድቁ ይፈርሳል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ቅኔ ቤትም አልገጠመኝ።"

ቤቱ በሳቅ ሲናወጥ ሸጊቱ ግድግዳውን ተደግፋ ብድግ አለች።

"እሌኒ" አለች፣ "አዙሪው።"

"አልዞርኩም!" አለ ደርቤ።

"ዞረሃል።"

ሸጊቱ ወደ ጉባኤው ሳይሆን ወደ ደርቤ እያየች ቀጠለች።

"ጠባቡ ላይ ስንደርስ አቻምየለሽን አዳለጣት፤ ድንጋዩ ተንሸራቶ ወረደ። መሬት ሲነካ ልስማው ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሰማሁትም። ያኔ ካባው ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ። ሚዜዎቹ የሉ፣ እናቴ የለች። አንተ ቆምክ። ዞርክ። 'አትፍሪ፤ ይቺ በቅሎ ወድቃ አታውቅም' አልከኝ። እኔም የተናገረኝ ማን እንደሆነ ለማየት ካባውን ገለጥ አደረግሁ። አየኸኝ፣ አየሁህ፣ ተመልሰህ ልጓሙን ሳብክ። ከዚያ በኋላ እስከ ደባርቅ አልፈራሁም።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?" አለ ሰብስቤ።

"ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቀናተኛ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ደግሞ ይህ ሰው አልዞርኩም እያለ በየደጁ ሲኮራ ኩራቱን ልንጠቀው? በቅሎዋ ናት ያወጣችኝ እያልኩ ነገሩን ወደ በቅሎዋ ስገፋ ኖርኩ።" ነጠላዋን አስተካከለች። "ሰው ከኋላው ሲያለቅስ እየሰማ የማይዞር ነጂ ቢሆን ኖሮማ አንድ ዓይንም ይበዛበታል እል ነበር።"

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ደርቤን ያይ ነበር። ደርቤ ጎልማሳ ሆኖ፣ ሽማግሌ ሆኖ፣ በሠርግ በለቅሶ የተናገራት ያች አንዲት ቃል ከነሙሉ ክብሯ ጉባኤው መሐል ቆማ ነበር። አልዞርኩም ብሎ ቢጸና ሸጊቱ ዋሾ ትሆናለች፤ እሱም የምታለቅስ ልጅ ጥሎ የሚሄድ ሰው። አዎ ቢል ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የተረከው ተረት ይሆናል። ምርኩዙን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዛወረ።

"እኔ" አለ በመጨረሻ፣ "ከሸጊቱ ጋር ተከራክሬ አሸንፌ አላውቅም። ዞረሃል ካለች... ይሣል።"

ከሴቶቹ በኩል ስጦታ፣ "እኔም ያገባሁት ከሁለት ዓይኑ ጋር ነው፤ ጎድሎ አይሣልብኝ" አለች። ቤቱ በሳቅና በእልልታ ፈረሰ። ሰብስቤ ጠረጴዛውን ደጋግሞ መታና፣ "ተወስኗል!" ብሎ ጮኸ።

እሌኒ ሥራውን ስትጀምር ደርቤ በርጩማ አምጥቶ ከመወጣጫው ሥር ተቀመጠ። ፊቱን አጥፍታ እንደገና ስትሥል፣ "አንገቴን ብዙ አታጣምሚው፤ ትንሽ ነው የዞርኩት" አላት። ቀጥሎ፣ "ካባው ገለጥ አይበል፤ ሰው ይጠይቃል" አላት። በመጨረሻም የበቅሎዋ ዓይን ከእሱ ዓይን እንዳይበልጥ አጥብቆ ለመነ። እሌኒ በሌላው ሁሉ እሺ አለች፤ አቻምየለሽን ግን አልነካም አለች።

ባጃጅ ነጂዎቹ ፌርማታውን ወዲያው አልተዉትም። አንዳንዱ ዛሬም ዱድያኖስ ይላል። አብዛኛው ግን "ደርቤ ጋ" ማለት ጀምሯል፤ ይህን ሲሰማ ደርቤ ያልሰማ ይመስልና በዚያው መንገድ ተመልሶ ያልፋል።

በገበያ ቀን ከዳባት የመጡ ሰዎች ሥዕሉን ለማየት ይቆማሉ። ደርቤም ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አጠገባቸው ይገኛል። ባለፈው ቅዳሜም እንዲሁ ተገኘ። ናዳውን፣ አውቶቡሱን፣ መሪ ታቅፎ የቀረውን ሹፌር ሁሉ ተረከላቸውና ጠባቡ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እዚህ ላይ ሙሽራይቱ አለቀሰች" አለ። "ሌላ ነጂ ቢሆን ደንብ ነው ብሎ ዝም ይል ነበር። እኔ ግን ዞር አልኩና አትፍሪ አልኳት።" ከተወለደ ጀምሮ ሲተርከው የኖረ ይመስል ነበር።

"ሦስቴ ነው የዞረው!" አለች ሸጊቱ ከመንገዱ ማዶ ካለው ደጇ።

"አንዴ ነው!" አለ ደርቤ።

"ሦስቴ! በካባው ቀዳዳ ቆጥሬሃለሁ!"

የዳባት ሰዎች አንዴ እሱን አንዴ እሷን ያያሉ። አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና፣ "የቱን እንመን፣ አባባ?" አለችው።

ደርቤ ምርኩዙን መሬት ላይ ተከለና ወደ ሸጊቱ ደጅ ጮኾ፣ "አንዴ ነው!" አለ። "ሁለተኛው ልጓሙ ተፈትቶ እንደሆነ ለማየት ነበር!"